የሶላንዥ ቬርዲዬ የመጨረሻ ደብዳቤ

ሶላንዥ ቬርዲዬ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው አፓርታማዋ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ሞታ የተገኘችው እሑድ ጠዋት ነው። ተንከባካቢዋ ኤልዳና ገብታ ሰላም ስትላት የመለሰላት አልነበረም። አጠገቧ የሻይ ስኒ፣ ባዶ የእንቅልፍ ክኒን ብልቃጥና በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ደብዳቤ ነበር።

መርማሪ ስሂን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ስለ ሕይወቴ የተጻፈውን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ገጽ አነበብኩ። እውነተኛዋን እኔን አገኘሁበት። ከእንግዲህ የምጠብቀው የለም።» መስመሮቹ ቀጥ ያሉ፣ ፊርማውም ያማረ ነበር።

«ራሷን አጥፍታለች» አለ ባልደረባዋ።

ቀኑ ደመናማ ስለነበር ስሂን የጠረጴዛውን መብራት ማብሪያ ተጫነች፤ አልበራም። የመኝታ ቤቱም እንደዚያው። ብልቃጡን አንስታ ስታየው ሁለት የላስቲክ ማሰሪያ ተጠምጥሞበታል። መደርደሪያው ላይ ባለው የደም ግፊት መድኃኒት ላይ ደግሞ አንድ።

ሶላንዥ የዓሣ ሻጭ ልጅ ነበረች። በሃያ ዓመቷ ፓሪስ ገብታ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ፊልም ሠራች፤ ፊቷ ያልወጣበት መጽሔት አልነበረም። አርባ ሲሞላት የሚደውልላት ጠፋ። ዲፕሎማት አግብታ ዋሽንግተን መጣች፤ ባሏም ሞተ። በዚህ ሕንፃ ሃያ ዓመት ስትኖር ተዋናይ እንደነበረች የሚያውቅ ጎረቤት አልነበራትም።

የሕንፃው ካሜራ እንዳሳየው ቅዳሜ ዕለት ሦስት ሰዎች ገብተዋል። የመጀመሪያዋ ኤልዳና ናት።

«የጠዋት ሺፍቴን ጨርሼ ስወጣ ማዳም ደህና ነበሩ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ግን ተናደዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ዶክተር ተሻገር ስለሳቸው የጻፈውን መጽሐፍ ረቂቅ ልኮላቸው ነበር። ዓርብ የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳነብላቸው፣ ‹ያልተናገርኩትን ተናገረች ብሎ ጽፏል፤ ነገ ሲመጣ እንዳይታተም እነግረዋለሁ› አሉ።»

«አንቺ ለምን ታነቢላቸዋለሽ?»

ኤልዳና አቀረቀረች። «ለማንም እንዳትናገሪ ብለው አስምለውኝ ነበር፤ ልንገርሽ ግን» ብላ ነገረቻት።

ሁለተኛው የገባው የሶላንዥ የእንጀራ ልጅ ፊሊፕ ነው፤ የሚኖረው ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፍራፍሬ አድርሶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወጥቷል።

«አባቴ ከሞተ ወዲህ ብዙ የምናወራው አልነበረንም» አለ አፍሮ። «ሐኪም ቤት ግን ሁልጊዜ የምወስዳት እኔ ነኝ።»

«የምን ሐኪም?»

ሲነግራት ስሂን ራሷን ነቀነቀች።

ሦስተኛው ዶክተር ተሻገር ነበር፤ እሱም የሚኖረው አሌክሳንድሪያ ሲሆን ኮሌጅ ውስጥ የፊልም ታሪክ ያስተምራል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ፣ አንድም ቀን ሳይቀር ሶላንዥን ጠይቋል።

«እንዴት ተለያያችሁ?» አለችው።

«በሰላም ነዋ። ስወጣ መነጽራቸውን አድርገው እየጻፉ ነበር። እንዳላቋርጣቸው በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።»

ሰኞ ስሂን ሦስቱንም አፓርታማው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፊሊፕም እንዲገባው በእንግሊዝኛ ጀመረች።

«እዚህ ቤት አንድም የሚሠራ አምፖል የለም። የመድኃኒት ብልቃጦቹ በጣት እንዲለዩ ላስቲክ ታስሮባቸዋል። ወይዘሮ ሶላንዥ በግላኮማ ምክንያት ካላዩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። ሐኪማቸው ዛሬ ጠዋት አረጋግጦልኛል።»

ተሻገር ከወንበሩ ብድግ አለ። «አይሆንም! ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር።»

«ድምፅዎን ተከትለው ነው ፊታቸውን የሚያዞሩት። ተዋናይ ነበሩ እኮ። እንግዲህ ይህን የመሰለ ቀጥ ያለ ጽሑፍ ሊጽፉ አይችሉም። ደብዳቤውን ያዘጋጀው ሰው የሚያዩ መስሎታል። ኤልዳና ታነብላቸው ነበር፤ ፊሊፕ ወደ ዓይን ሐኪም ይወስዳቸው ነበር። ያላወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ደግሞም ሲጽፉ አይቻለሁ አሉኝ። ያልሆነ ነገር ያዩት ለምንድን ነው?»

ተሻገር ወደ በሩ ተመለከተ።

«መጽሐፉ እንዳይታተም ከለከሉዎት። እርስዎ ክኒኑን ሻዩ ውስጥ አሟሙተው ሰጧቸው፤ ድሮ ለአድናቂ ከፈረሙት ፎቶግራፍ ላይ ፊርማቸውን ገለበጡ፤ መጽሐፉንም በሟች ስም አመሰገኑ።»

«ፊልሞቿን ሳጠና የኖርኩበትን የአሥራ ሁለት ዓመት ድካሜን በአንድ ቃል አጠፋችው» አለ ተሻገር በመጨረሻ፣ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ። «ዓይኗ እንደጠፋ ለምን አልነገረችኝም?»

የመለሰችለት ኤልዳና ናት። «የማያዩ መሆናቸውን ካወቅህ መምጣት እንዳትተው ፈርተው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ይዘጋጁ ነበር። ከንፈራቸውን የምቀባላቸው እኔ ነኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ከወጡ በኋላ ፊሊፕ በዝግታ፣ «አንድም ፊልሟን አይቼ አላውቅም» አለ።

«እኔም» አለች ኤልዳና።

ስሂን ሥራዋን ጨርሳለች፤ መሄድ ትችል ነበር። ግን ኮቷን አውልቃ ተቀመጠች። ፊሊፕ ላፕቶፑን ከፍቶ አንዱን ፊልም ፈልጎ አገኘው። የሃያ አራት ዓመቷ ሶላንዥ ጀልባ ላይ ቆማ፣ ነፋስ ፀጉሯን እየበተነው፣ ወደማይታይ ሰው በፈረንሳይኛ ትጮኻለች።

«ምን አለች?» ብላ ጠየቀች ኤልዳና።

ፊሊፕ ተረጎመላቸው። ቀጥሎ ያለውንም ተረጎመ። ሦስቱ እንግዶች እስኪያልቅ ድረስ ከቦታቸው ሳይነሱ አዩት።