አባትየው ሳይሰማ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው! አንድ ሰው አባት ሊሆን መሆኑን ከጅቡቲ ከተማ መውጫ ያለው የፔካ 12 መኪና ማቆሚያ ሾፌር ሁሉ ሰምቶ፣ አጨብጭቦ፣ እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ባለጉዳዩ ብቻ ሳይሰማ ከቀረ ምን ይባላል? ዕድል ነው? ወይስ የሰው ልጅ ችኮላ? እስቲ እንደሆነው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

አፀደና ይሄይስ የተጋቡት በ1991 ዓ.ም. ነበር። ይሄይስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ ስንዴና ማዳበሪያ ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፍና ይመለሳል። አፀደ እዚያው ጅቡቲ ከተማ፣ ቀን ቀን ሆዳን ሰፈር መዳም ሁዳ ቤት ትሠራለች፤ ሲመሽ በሚኒባስ ከተማው ዳር ባልባላ ወዳለችው የቆርቆሮ ቤታቸው ትገባለች። ታዲያ ይቺ ሴት ትዘፍናለች! የሰው ዘፈን እንዳይመስላችሁ፤ ግጥሙም የራሷ፣ ዜማውም የራሷ። የመዳም ሁዳን አንሶላ ስትተኩስ አንድ ዘፈን ትጀምራለች፣ ሸሚዙ ጋ ስትደርስ ትጨርሰዋለች። ሕልሟ አንድ ነበር፤ ከሠርግ ተነስቶ ልጅ እስከ ማሳደግ ያለውን ነገር ሁሉ የሚያወራ አንድ ሙሉ ካሴት ማውጣት። «ልጅ ሳልወልድ ግን አልጨርሰውም» ትል ነበር። ልጁ ደግሞ አልመጣም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመት... ጎረቤት ማንሾካሾክ ጀመረ። ይሄይስም በልቡ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የማልወልደው» ብሎ ደምድሞ ተቀመጠ። ለማንም ግን አልተነፈሰም። ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር መቼ አውጥቶ ይናገራል!

በ1995 ዓ.ም. መኪናው ሚሌ ላይ ተበላሸችበትና መለዋወጫ ሲጠብቅ ከወር በላይ ተቀመጠ። አፀደ ማርገዟን ያወቀችው ይኼኔ ነው! ደስታዋን የት ታስቀምጠው? ያኔ የሾፌር ሚስቶች ደብዳቤ አይጽፉም፤ በካሴት ይቀዱና በሚያልፍ ሾፌር እጅ ይልካሉ። እሷ ግን ሌላው እንደሚያደርገው ሰላምታና ወሬ አላበዛችም፤ ዘፈነችለት።

በሁለት ኩባያ ስንጠጣ ኖረን፣
ሦስተኛው ሊመጣ ወራት ቆጠርን።
መንገዱ ይጠርልህ ፈጥነህ ግባ ቤት፣
ሆዴ ውስጥ ሰው አለ የሚልህ አባት።

ካሴቱን ለወሰኑ ሰጠችው። ወሰኑ ላጤ ሾፌር ነው፣ ቤታቸው ገብቶ የበላ የጠጣ። «አደራ፣ ሚሌ ስትደርስ በእጁ ስጠው» አለችው። «ኧረ አታስቢ!» ብሎ ኪሱ ከተተው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ግን ፔካ 12 ላይ የመተላለፊያ ወረቀት ሲጠብቅ አምስት ቀን ቆመ። አምስት ቀን በዚያ ሙቀት፣ በዚያ አቧራ፣ ያለ ሥራ! ሁለተኛው ቀን ላይ ካሴቱን አውጥቶ አገላበጠው። ሦስተኛው ቀን ላይ የመኪናው ቴፕ ውስጥ ከተተው። ሰምቶም አለቀሰ። ካለቀሰ በኋላ ብቻውን መስማት ጨነቀውና ጎረቤት ሾፌሮችን ጠራ። እነሱ ደግሞ ሌሎችን ጠሩ። ሁለቱ ቀድተው ወሰዱት። በአምስተኛው ቀን «ወሰኑ፣ እንኳን ደስ ያለህ! አባትየው!» እያሉ መቀለጃ አደረጉት፤ እሱም እየሳቀ እጁን ያወዛውዝላቸው ነበር።

በዚያው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ይሄይስ መኪናው ተሠርታለት ባዶዋን እየነዳ ፔካ 12 ደረሰ። ወርዶ በመኪኖቹ መሀል ሲራመድ የሚስቱን ድምፅ ሰማ። መጀመሪያ ናፍቆት የፈጠረው መስሎት ሳቀ። ኋላ ግን ዓይኑን ወደ ድምፁ ሲያዞር ወሰኑን አየው፤ በሩን ከፍቶ፣ እግሩን ወደ ውጭ ዘርግቶ፣ ከአፀደ ጋር እየዘፈነ። «የሚልህ አባት...» ዙሪያውን የቆሙት «አባትየው!» እያሉ ያጨበጭባሉ።

አፀደ ባሏን በስሙ ጠርታ አታውቅም። እናቷም የባሏን ስም አልጠራችም፣ ባደገችበት አገር ነውር ነው። ስለዚህ ዘፈኑ ውስጥ ስም የለም! ለማን እንደተዘፈነ ምን ብሎ ይወቅ? አራት ዓመት ያልመጣ ልጅ እሱ በሌለበት ወር መጣ፤ ወሬው ደግሞ ሌላ ወንድ መኪና ውስጥ ነው። አቤት የዚያን ሰው ልብ! ምነው አሥር እርምጃ ወደፊት በሄደ! ምነው «ወሰኑ፣ ይሄ ምንድነው?» ባለ! ቤቱ እኮ ቅርብ ነበር፤ በሩን አንኳክቶ መጠየቅ ይችል ነበር። ግን ሰው ሲጎዳ እግሩ ወደ ቤቱ አይወስደውም። ይሄይስ መኪናውን አዙሮ በመጣበት መንገድ ወደ ጋላፊ ድንበር ተመለሰ። መኪናዋን ለአሠሪው አስረክቦ ጎንደር ገባ፤ ከዚያ ወዲህ የመተማን መስመር ብቻ ነዳ።

ወሰኑ ሚሌ ደርሶ ሰውየውን አጣው። ወር ሙሉ ፈለገው። በኋላ አንድ ሾፌር «ያን ቀን እኮ ይሄይስ ከጎኔ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሎ ሄደ» ሲለው ነገሩ ሁሉ ገባው። ባልባላ ሄዶ አፀደ እግር ላይ ወደቀ።

«ቤትሽን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። አደራ በላ ነኝ።»

«ካሴት አይደለም የከፈትከው» አለችው አፀደ፤ «ጓዳዬን ነው የከፈትከው።»

ጎንደር መግባቱን ከሾፌሮች ሰምታ ሦስት ጊዜ መልእክት ላከች። ይሄይስ ግን ገና «ከጅቡቲ...» ሲሉት ጀርባውን ይሰጥ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ሊሊ ተወለደች። አዋላጇ የአባቷን ስም ስትጠይቅ አፀደ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፏ አወጣችው፦ «ይሄይስ።» ፈረንሳይኛ የለመደችው አዋላጅ አራት ጊዜ አስደግማ ጻፈችው፤ አፀደም አራቴ ስትደግመው አራቴ አለቀሰች። ሕፃኗ በስምንት ወሯ የሳንባ ምች ይዟት ከሞት አፋፍ ተመለሰች። በዚያ ሁሉ መሀል መዳም ሁዳ «ልጅቷን ይዘሽ ነይ፣ እዚሁ ትደግ» አለቻት። እግዜር የባሰ አያምጣ እንጂ ሰው አላጣችም።

ዘፈኑ ደግሞ ከሾፌር ሾፌር እየተቀዳ ድሬዳዋ ገባ። ቸሩ የሚባል ካሴት አሳታሚ ሰምቶ፣ አጠያይቆ፣ ባልባላ ድረስ መጣ። በ1999 ዓ.ም. ድሬዳዋ ወስዶ ሰባት ዘፈን ቀረጻት፤ ስለ ሠርጉ፣ ስለ መጀመሪያው ኪራይ ቤት፣ ስለ እርግዝናው፣ ስለ ልጇ የመጀመሪያ ጥርስ። አሳታሚው አንዱን እንድትተወው ለመናት።

«እህቴ፣ የሠርጉ ዘፈን ያስቃል። ባልሽ ጥሎሽ ሄዷል፣ ስለሱ አልቅሺ! ገበያው ለቅሶ ነው የሚፈልገው።»

«ትዳሬ በለቅሶ አልተጀመረም» አለችው። «ሰባቱም ይውጡ፣ ካልሆነ እኔም ይቅርብኝ።» የካሴቱንም ስም «ቤታችን» አለችው።

ጎንደር፣ አዘዞ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ይሄይስ ጎማ እያስቀየረ ነበር። የጋራዡ ቴፕ ዘፈነ፦

ሙሽራዬ መጣ ግራሶ ተቀብቶ፣
መንገድ ዳር የቆመ የሰው ጎማ ፈቶ።

በሠርጉ ቀን የሰው መኪና ሲረዳ ሱሪው ጉልበቱ ላይ በግራሶ፣ በመኪና ቅባት ተበላሽቶ ነበር። አፀደ ሳታስነቃ ቬሎዋን ጎትታ ጉልበቱን ሸፈነችለት፤ እንግዳ ሁሉ እስኪሄድ እንደዚያው ተቀመጡ። ከሁለቱ በቀር ማንም አላየም። ይሄይስ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሁለተኛው ዘፈን ስለ እሱ ነበር። ሦስተኛውም። አራተኛው ሲመጣ ያ የፔካ 12 ዘፈን ነው፤ «መንገዱ ይጠርልህ...» መንገድ ላይ የነበረው ማን ነው? ሚሌ ላይ መኪና የቆመበት ማን ነው? «ወይኔ! ወይኔ ልጄን!» ብሎ ራሱን ያዘ። የጋራዡ ሰዎች ዘመድ የሞተበት መሰላቸው።

በአራተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ባልባላ በሯ ላይ ቆመ። አፀደ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ የሦስት ዓመቷ ሊሊ መቆንጠጫ ታቀብላታለች። ሊንበረከክ ሲል አፀደ እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«አትንበርከክ። ይቅርታውም ይቆየን። መጀመሪያ ጠይቀኝ።»

«ምን ልጠይቅሽ?»

«ያኔ መጠየቅ የነበረብህን። ሳትጠይቀኝ ነው የፈረድክብኝ። አራት ዓመት መልሱን ይዤ ጠብቄሃለሁ። ጠይቀኝ!»

አንገቱን ደፋ። ልጅቷን አየ፣ ሚስቱን አየና ጠየቀ፦

«የማን... የማን ልጅ ናት?»

«ያንተ» አለችው።

ከዚያ በኋላማ ማን ማንን ያባብል! እሱ አነባ፣ እሷ አነባች፣ ጎረቤቱ ወጥቶ አብሮ አለቀሰ። ሊሊ ብቻ መቆንጠጫዋን ይዛ ይህን ጉድ ትመለከታለች።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። እኔም አምናለሁ። ግን ወገኖቼ፣ በዕድላችን ላይ የምናሳብበው ስንቱን የራሳችንን ዝምታ ይሆን? አራት ዓመት የፈጀችው መልስ አንዲት ቃል ነበረች! የሄደው ዓመት አይመለስም፣ የልጁን የመጀመሪያ ጥርስም ይሄይስ በዘፈን እንጂ በዓይኑ አላየውም። ሊሊ ግን በዚያ ቀን እራቷን የበላችው አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ነው።