እፍ ሲሉት የሚጠፋ መብራት

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ከተገኘሁ ምላሴ ይቆረጥ። ቀንሼ እንደሆነ እንጂ አልጨመርኩም፤ የቀነስኩትም አንባቢ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። የሰማሁትም ከራሱ ከመካኒኩ አፍ ነው። መካኒኩ ደግሞ በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም፤ ምናልባት ስለ ዕድሜው፣ ስለ ቁመቱና ስለ ሥራው ካልሆነ በቀር።

በዚያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ኮፈን ሳይከፍት በድምፅ ብቻ የሞተርን በሽታ ያውቃል። በመንገድ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሰምቶ «የኋላ የግራ ፍሬኑ አልቋል፤ ሹፌሩም ቁርስ አልበላም» ይላል። ሁለቱም ልክ ሆነው ይገኛሉ።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ አውራ ጣት የምታህል ፕላስቲክ ያንበረከከችው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ትንሽ ሰማያዊ መኪና ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቀጥ አለች። የወረደችው ወጣት መነጽር ሠሪ ናት፤ የሰው ዓይን እየለካች መስታወት የምታዝ። በሩን የዘጋችበት ድምፅ እስከ ሦስተኛው ሰፈር ተሰማ።

«ውሃ የለም ይላል» አለች ዳሽቦርዱን እያሳየች። ቀይ መብራት በርቷል። ከመብራቱ ጋር ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል፣ መልአክን ከትዕግሥቱ የሚያስወጣ ድምፅ አለ።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ። የራዲያተሩ ውሃ ማጠራቀሚያ እስከ ምልክቱ ድረስ ሙሉ ነው።

«ውሃማ አለ።»

«መኖሩን እኔም አይቻለሁ። እሱ ነው የለም የሚለው።»

«ይዋሻል።»

«እንግዲያው ውሸቱን እንዲተው ይንገሩልኝ።»

የሚዋሸው ሴንሰሩ ነበር። ሥራው በማጠራቀሚያው ውስጥ ውሃ መኖሩን አይቶ ለዳሽቦርዱ ማቀበል ነው፤ ግን እንደ ክፉ ጎረቤት ያላየውን ያወራል። መካኒኩ የሽቦውን ሶኬት ከሴንሰሩ ነቀለ። አቧራ እንዳይገባበት ዓይኑን ጨፈነ፤ ጉንጩን ወጠረና እፍ አለበት። መልሶ ሰካው። መብራቱ ጠፋ፤ ጢጥታውም ቆመ።

ያ እፍ የዋዛ እፍ እንዳይመስላችሁ። የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ አውሎ ነፋስ የመጣ መስሎት ጨርቁን አቅፎ ወጣ።

«ይኸው ነው?» አለች ልጅቷ።

«ይኸው ነው።»

«እፍ ብቻ?»

«ዋናው የማን እፍ ነው የሚለው ነው።»

ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቁ ግን በዓይኗ በኩል አመለጣት። መካኒኩ ያመለጠውን ሳቅ እያየ ቆሞ ካቻቪቴው ከእጁ ወድቆ እግሩ ላይ ሲያርፍ አልተሰማውም። «እፍ ያለ ፍቅር» የሚባለው አነጋገር የመጣው ከዚያች ቀን ነው የሚል ሰው ቢኖር እኔ አልከራከርም።

ሐሙስ ተመልሳ መጣች።

«በራ» አለች።

እፍ አለበት። ጠፋ። ሰኞ መጣች፤ እፍ፤ ጠፋ። እንዲህ እየሆነ በድምሩ አርባ አንድ ጊዜ ተመላልሳለች። አርባ አንድ።

የልጅቷ ንዴት እየባሰ ሄደ። ሥራዋ የልጆችን ዓይን ለመለካት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት መዞር ነው፤ ያ ድምፅ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም አብሯት ይወጣል፣ ይወርዳል።

«መብራቱ ላይስ የቁስል ፕላስተር ለጠፍኩበት» አለች አንድ ቀን። «ድምፁ ላይ ምን ልለጥፍ? ትናንት አንዱን ሕፃን ፊደል አስነብበዋለሁ ብዬ ‹ጢጥ› አልኩት።»

መካኒኩም ተቃጥሏል። የሽቦውን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትሿል። ማጠራቀሚያውን አውርዶ አጥቧል። ሴንሰሩን በሰው ቋንቋ ለምኖታል፣ ሰድቦታልም። ሁሉም ነገር ጤነኛ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ይበራል። ሌሎቹ መካኒኮች «እፍ መጣ» እያሉ ይጠሩት ጀመር።

በአንድ በኩል ያንን መብራት ረግጦ ሊገድለው ይፈልጋል። በሌላ በኩል መብራቱ ጨርሶ ቢጠፋ ልጅቷም አብራ እንደምትጠፋ ያውቃል። ሰው በዚህና በዚያ መካከል ሲቆም ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ፣ ያኔ ጋራዡ በር ላይ መቆም ነበረባችሁ።

እሱ ሽቦ ሲፈትሽ እሷ ጎማ ላይ ተቀምጣ ታወራዋለች። እቤት አባቷ ብቻ አሉ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር።

«እናቴ ከሞተች ወዲህ እሱ ጋዜጣ ያነባል፤ እኔ ግድግዳ አነባለሁ» አለችው። «ሰሞኑን ደግሞ ጋዜጣውን አይጥ ጀምሮታል። ሁልጊዜ ጫፉ ተቀድዶ ነው የማገኘው።»

«ስለ እኔስ ምን ይላሉ?»

«ሌላ ጋራዥ ልሂድ ስለው ‹አይሆንም፤ የጀመረው ይጨርሰው› ይላል።»

መካኒኩ ይህን እንደ ዛቻ ነበር የሰማው። አርባ ዓመት የነዳ ሹፌር፣ ክንዱ እንደ ጎማ የደነደነ፣ አንድ ጎረምሳ ልጁን በሰበብ እንደሚያመላልስ ጠርጥሮ ጥርሱን ሲያፋጭ ታየው። ሰውየው በወጣትነታቸው የቆመ አውቶቡስ ብቻቸውን ገፍተው ዳገት አውጥተዋል ይባላል። ማን እንዳለ አልተጣራም፤ እኔ ነኝ ያልኩት።

አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀ። የዓይን መለኪያ ሳጥኗን መሬት ላይ አስቀመጠችና በሁለት እጇ ራሷን ያዘች።

«አንተ ሰውዬ፣ ልታሳብደኝ ነው እንዴ? ለመሆኑ ሥራውን ታውቀዋለህ?»

እሱ ከዚህ ሁሉ የሰማው «አንተ» የምትለዋን ብቻ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «እርስዎ» ነበር።

«ደግመሽ በይው» አላት።

«ምኑን?»

ፈገግ አለ። እሷም ምን እንዳለች ገባትና አንገቷን ደፋች። ጋራዡ ውስጥ የሚሰማው ጢጥ፣ ጢጥ ብቻ ሆነ።

«ዓይንህ ቀልቷል» አለችው በመጨረሻ ቀስ ብላ። «ና፣ ልየው።»

ከሳጥኗ ትንሿን መብራት አውጥታ ቀኝ ዓይኑን አየች፤ ቀጥላም ግራውን። እንደዚያ ቀርቦት ያየው ሰው አልነበረም። ትንፋሹን ያዘ። ቆርቆሮ የሚያንቀጠቅጥ ትንፋሽ ያለው ሰው፣ አንዲት ላባ እንኳን የምታነቃንቅ ትንፋሽ አጣ።

«ጤነኛ ነው» አለች መብራቱን ሳታነሳ። «አጥርቶ ያያል።»

አዲስ ሴንሰር አዘዘ። ከሦስት ባሕር ማዶ መጣ፤ በጥጥ ተጠቅልሎ። በእጁ ገጠመው። መብራቱ ጠፋ። በማግስቱ አልበራም። ረቡዕ ጠዋት ሰማያዊዋ መኪና መጣች፤ ጢጥ፣ ጢጥ እያለች።

ልጅቷ አልጮኸችም። የሚያስፈራው ይህ ነበር።

«ቅዳሜ ገዢ ይመጣል» አለች። «ልሸጣት ነው። በአውቶቡስ እሄዳለሁ፤ ቢያንስ አውቶቡስ ለሹፌሩ ነው የሚጮኸው።»

መካኒኩ አፉን ከፈተ። እፍ እንኳን ማለት አቃተው። እሷ መብራቱ እንደበራ ሄደች።

ሐሙስ ሥራ አልሠራም። መኪናዋ ከተሸጠች ልጅቷ ወደ ጋራዥ የምትመጣበት ምን ምክንያት አላት? እሱስ እዚያ ቤት የሚሄድበት ምን ምክንያት አለው? ያለው ምክንያት ያ መብራት ነው፤ እሱም የሚቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቱታውን አጥቦ ለበሰ፤ መፍቻውን ያዘና ግቢያቸው በር ላይ ቆመ።

አባትየው በረንዳ ላይ ከጋዜጣ ጀርባ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩት። እንደ አንበሳ አዩት።

«ግባ» አሉ። ልጅቷም ከቤት ወጥታ መኪናዋ አጠገብ ቆመች።

ኮፈኑን ከፈተ። ሶኬቱን ነቀለ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ እፍ አለ። የዚያን ቀኑን እፍ ለመግለጽ ቃል የለኝም፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ሁሉ ወደ ጎረቤት ግቢ ተሰደደ። ልጅቷ ከሞተሩ ውስጥ አንዲት ነጭ ቢራቢሮ ስትወጣ አየሁ ትላለች። እሱ አላያትም፤ ግን ያምናል።

መብራቱ ጠፋ። መካኒኩ ግን እንደ ወትሮው አልተኩራራም። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ስሚኝ» አላት። «ለምን እንደሚበራ አላውቅም።»

እሷ ቀና ብላ አየችው።

«ለምን እንደሚጠፋም አላውቅም። እስከ ዛሬ ያዳንኩት እያስመሰልኩ ነው የሸኘሁሽ። አላውቅም ካልኩሽ ሌላ ጋራዥ ትሄጃለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። ነገ መኪናዋን ሽጫት። እኔ ግን ያለ መኪናም ብትመጪ ደስ ይለኛል።»

ይህ ሰው በሕይወቱ «አላውቅም» ሲል የመጀመሪያው ነበር። ከእንግዲህም አይደግመውም።

 ከዚያ ያ በዓይኗ የሚያመልጠው ሳቅ መጣ፤ አሁን ግን ከንፈሯን አልነከሰችም።

«በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ብትል ምን ነበረበት?» አለች። «ስንት ነዳጅ አቃጠልኩ።»

ቅዳሜ ገዢው መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። በዓመቱ ተጋቡ። ያ መብራት ከዚያ ዓርብ ወዲህ፣ እነሆ አሥራ አራት ዓመት፣ አንዴም በርቶ አያውቅም። የመጨረሻው እፍ ያለ መድኃኒት አዳነው።

ይህን ታሪክ መካኒኩ በየምሳው ይናገራል። ባለፈው እሑድም ለእንግዶች እየተናገረ አርባ አንደኛው ጊዜ ላይ ሲደርስ፣ በጠረጴዛው ጥግ ጋዜጣ የሚያነቡት አማቱ ሳል አሉ።

«ሰባት ጊዜ ነው» አሉ።

«ምኑ፣ አባባ?»

«የተመላለሰችው። የመጀመሪያው የእውነት ነው፤ አቧራ ነበረበት። ስድስቱ የኔ ናቸው።»

ማንኪያዎች ቆሙ።

«ያን ማክሰኞ ከጋራዥ ስትመለስ ታንጎራጉር ነበር» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ያንጎራጎረ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ደግሞ ዝም አለች። እኔም የጋዜጣዬን ጫፍ ቀደድኩና ሶኬቱ ውስጥ ሸጎጥኩ። ልሸጣት ነው ስትል ጊዜ ደነገጥኩና ተውኩት።»

«አባዬ» አለች ልጅቷ። 

«ቢራቢሮዋስ?» አለ መካኒኩ።

«የስፖርት ገጽ ናት።»

«አይሆንም» አለ መካኒኩ። «ወረቀት ቢኖር አየው ነበር። እኔ? እኔ አላየውም?»

«ዓይንህን ጨፍነህ ነበር የምትነፋው፣ ልጄ» አሉና ገጹን ገለጡ።