ፎቶግራፉ ላይ ያለችው ልጅ

«እሱ ላይ እንዳትቆሚ» አለች ማቤል የብሪንን ክንድ ሳብ አድርጋ። «አረንጓዴው ያዳልጣል። ባዶውን ድንጋይ እርገጪ።»

ባሕሩ ሸሽቶ፣ በዐለቱ ጉድጓዶች ውስጥ የቀረው ውሃ ጥርት ብሏል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች አጎንብሰው የባሕር ኮከብ ይፈልጋሉ። ማቤል የት እንደሚገኝ ለብሪን ወዲያው አሳየቻት።

«ከዚህ በፊት መጥተሻል እንዴ?» አለች ብሪን።

«ኧረ! ቪዲዮ ላይ አይቼ ነው።»

ውሸቷን ነበር። አያቷ ከልጅነቷ ጀምሮ እዚህ ታመጣታለች። ግን አምስተኛ ክፍል ሳለች የደረቀ ዓሣ ለምሳ ይዛ ብትሄድ ዓመቱን ሙሉ «ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ» ሲሏት ከርመዋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤተሰቧ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ባሕሩ መመለስ ሲጀምር ወደ አሮጌዋ የእንጨት ጎጆ ገቡ። የፓርኩ አስጎብኚ ሽማግሌው ሚስተር ሃስኬል ግድግዳው ላይ ወዳለ ፎቶግራፍ ጠቆሙ። አንዲት ሴትና ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ዓሣ ሊያደርቁ ቆጥ ላይ ይዘረጋሉ። ከሥሩ «ስማቸው ያልታወቀ ቻይናውያን» ይላል።

«ከመቶ ዓመት በፊት እዚህ ከቻይና የመጡ ዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር፤ ይህችን ጎጆም የሠሯት እነሱ ናቸው» አሉ። «የሁለቱን ስም የሚነግረን ግን አጣን።»

«ሽታው እኮ ከፎቶው ይወጣል» አለች ብሪን አፍንጫዋን ይዛ። ከኋላ ያሉት ሳቁ።

የማቤል ፊት ጋለ። ይኸው ፎቶግራፍ አያቷ ቤት፣ ከአልጋው ራስጌ ተሰቅሏል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። አውቶቡሱ ይመጣል፤ ይሄዳሉ።

«ዩክላን ነው ስሟ» አለች። ድምጿ አነሰባትና ደገመችው። «ልጅቷ ዩክላን ታም ትባላለች። የአያቴ እናት ናት።»

ሚስተር ሃስኬል ወደ እሷ ዞሩ።

«እርግጠኛ ነሽ የኔ ልጅ?»

«ግራ እጇን ይዩት፤ ትንሿ ጣቷ የለችም። ጀልባ ስትጎትት ገመድ ቆርጧት ነው። በዚያ እጇ ዓሣ እያደረቀች ስድስት ልጆች አሳድጋለች።»

ሚስተር ሃስኬል መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ፎቶው ተጠጉ። «ሃያ ዓመት እዚህ ስሠራ አላየሁትም» አሉ ቀስ ብለው።

«ቪዲዮ ላይ አየሁ አላልሽኝም?» አለች ብሪን።

«ዋሽቼሻለሁ። ያስተማረችኝ አያቴ ናት። እሷን ደግሞ ይቺ ልጅ።»

ብሪን «እስቲ እኔም ልየው» ብላ ከጎኗ ቆመች።

ሚስተር ሃስኬል እርሳስና ካርድ አወጡ። «አዲሱ መግለጫ እስኪታተም ከሥሩ የምንለጥፈው ነው። አንቺው ጻፊው።»

ማቤል ስሙን በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጻፈች። ቀጥሎ፣ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ እንደሆነ እያወቀች፣ አያቷ ባስተማረቻት በቻይንኛው ፊደል፣ አንዲት ጭረት ሳታስቀር፣ ሳትቸኩል ጻፈችው።