አሥረኛው ደወል

ውስጥ እጄን ሲበላኝ ቅባት እቀባለሁ እንጂ ገንዘብ ይመጣል ብዬ የምጠብቅ ሴት አይደለሁም፣ እንግልውድ ከተማ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ስንት ዓመት ስሠራ ባልደረቦቼ «ባዶው ክፍል ውስጥ ሰው ሲያስል ሰማን» እያሉ ሲንጫጩ እኔ «ታዲያ ውሃ ስጡት» ብዬ ሥራዬን የምቀጥል ነኝ። ይህን የምትነግራችሁ እንደዚያ ዓይነቷ ሴት መሆኗን ልብ በሉልኝ።

ድሮ ስቴፕልተን እንለው የነበረው ሰፈር ስንኖር ነው፣ ከሥራ መልስ አንዲት ትንሽ ኮሌጅ እማር ነበር፣ ተማሪው ሁሉ በስም የሚተዋወቅባት። ልጆቹ የራሳቸው ወግ አላቸው። የመጨረሻ ፈተናውን የጨረሰ ግቢው መሃል ካለው አሮጌ ደወል ሥር ይቆምና በተማረበት ዓመት ልክ ገመዱን ይስባል፣ ሌላው ተሰብስቦ ጮክ ብሎ ይቆጥርለታል። ሁሉም አራት ነው የሚደውለው። እኔ ግን ሁለት ሁለት ክላስ እየወሰድኩ፣ በመሃል ልጅ እያሳደግኩ፣ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል። አፍሬ ነበር፣ ምን ልደብቃችሁ። ዲግሪው ደግሞ ለእኔ ወረቀት ብቻ አልነበረም፣ ከአሥራ አንደኛ ክፍል አቋርጬ ስደት የወጣሁ ሴት ነኝ፣ በሕይወቴ የጀመርኩትን አንድ ነገር እስከ መጨረሻው መጨረስ አማረኝ።

ዲሴምበር ነበር፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል። ገመዱን የሚጠብቁት ጋሽ ሃብቶም ናቸው፣ የግቢው ጥገና ሠራተኛ፣ አስመራ ተወልደው አማርኛን ትምህርት ቤት የተማሩና ከእኔ ይልቅ አጥርተው የሚናገሩ አዛውንት።

«ነይ እንጂ ልጄ፣ ምን ያሽኮረምምሻል?»

«ዘጠኝ እኮ ነው ጋሽ ሃብቶም፣ እጄ ይዝላል።»

«እኔ ሃያ ዓመት እዚህ ስጠርግ እጄ መቼ ዛለ? ሳቢ!»

ገመዱን ስይዘው እርጥብ ነው። ጠብ ጠብ የሚል እርጥብ፣ ሳምንቱን ሙሉ በረዶም ዝናብም ባልጣለበት ደረቅ ብርድ። ማን ውሃ ደፋበት አልኩና ሳብኩ። ልጆቹ «ዋን! ቱ!» ማለት ጀመሩ፣ አምስት ላይ እየዘለሉ ነበር፣ ዘጠኝ ላይ ልጄ ሰላም «ጎ ማም!» ብላ ስትጮህ እንባዬ ዱብ አለ፣ ሀፍረቴ የት እንደገባ አላውቅም። ገመዱን ለጋሽ ሃብቶም መለስኩላቸውና ጓንቴን ማጥለቅ ጀመርኩ።

ያኔ ደወሉ ጮኸ። አንድ ጊዜ፣ ጥርት ብሎ።

ልጆቹ «ቴን!» ብለው በሳቅ ፈረሱ። ጋሽ ሃብቶም ግን አልሳቁም።

«ሳቡት እንዴ?» አልኳቸው።

«ገመዱ ይኸው እጄ ላይ ነው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ንቅንቅ አላለም።»

ቤት ገብቼ እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፣ በረኪና በረኪና ይለኛል። ከሥራ ይሆናል አልኩ፣ ግን እመኑኝ፣ ያን ቀን ኦፍ ነበርኩ፣ ሥራ አልገባሁም።

በሳምንቱ ከኮሌጁ ደብዳቤ መጣ። ክሬዲቴ ሁሉ ሞልቷል፣ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፣ እስከዚያ ቀን ማንም ያላነሳብኝ የጥንት ደንብ፤ ተመራቂ ሁሉ የመዋኛ ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር መዋኘት አለበት። እኔ! ከጠበልና ከሻወር ሌላ ውሃ የማላውቀው ሴትዮ! ሰላም ስትስቅ ከሶፋው ወደቀች፣ እኔም አብሬያት ሳቅኩ፣ የገንዳውን በር እስክከፍት ድረስ። በሩን ስከፍት ያ የእጄ ሽታ ፊቴን መታኝ።

አንድ ዓመት ሙሉ ተማርኩ፣ ረጅም ቲሸርት ለብሼ፣ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተሰልፌ። እነሱ እንደ ዓሣ ይሄዳሉ፣ እኔ ቅዱሳንን በሙሉ በየስማቸው እየጠራሁ እሰምጣለሁ፣ ሰላም ከዳር ሆና «ማም፣ ጀስት ብሪዝ!» ትላለች። የኋላ ኋላ ያንን ዳር በእጄ ነካሁት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በዓመቱ፣ ዲሴምበር ላይ፣ ደወሉ ሥር ተመልሼ አሥር ደወልኩ። ገመዱ ደረቅ ነበር። እኔና ጋሽ ሃብቶም ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። ጸጥ።

«በቃ፣ አለቀልሽ ልጄ፣ እልል በይ!» አሉኝ፣ ተቃቅፈን ሳቅን። ፓርክ ያደረግኩበት ደርሼ የመኪናዬን በር ስከፍት ነው ከጀርባዬ አንድ ጊዜ የጮኸው።

ዲግሪው አሁን ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፣ የቀረሽ ነገር አለ ያለኝ ሰው የለም። ብቻ ያን ማታ እጄን ሳሸተው አፈር አፈር አለኝ፣ ገና የተቆፈረ አፈር። ፈራሁ፣ አልዋሻችሁም። ለሰላም ስነግራት ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ሜይቢ ጋርደኒንግ ነው፣ ማም፣ አትክልት ትከዪ» አለችኝ። አቤት ደስ ሲለኝ! በማግስቱ አፈርና የአበባ መትከያ ገዝቼ መስኮት ሥር ጤና አዳም ተከልኩ፣ ከዚያ በሶብላ፣ ከዚያ ቃሪያ፣ ሎውሪ ሰፈር ከገባን ወዲህማ በረንዳዬ በበጋ መቆሚያ የለውም፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቃሪያዬን ይመርቃል። እኔም አፈሩን በነካሁ ቁጥር እጄን አሸተዋለሁ። እስከ ዛሬ ግን የዚያን ማታውን አፈር አይሸትም።