የመስቀል በግ ደም

እፀገነት ሐበሻ ስደተኞች በሚኖሩበት በካላክላ ሰፈር ለቅሶ ቤት ስትደርስ፣ ባሏ የሞተባት ወይንሸት እንግዳዋ በእጇ የያዘችውን ነጭ ሣጥን አይታ የለቅሶ ምግብ መሰላት። «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ጓዳ አስገቢው» አለቻት። ሣጥኑ ውስጥ የነበረው በረዶና ለምርመራ የቀዳችው የፍየል ደም ነው። እፀገነት አፍራ ደጅ አስቀመጠችው።

የወይንሸት ባል በለጠ ከመስቀል በኋላ ትኩሳት ያዘው፣ ከድዱና ከአፍንጫው ደማ፣ ሞተ። ሰዉ መርዝ ነው አለ። አከራያቸው የወሎዋ ዘሊካ ሾርባ ስታመላልስለት ታይታ ነበርና ሹርጣ፣ የአገሩ ፖሊስ፣ መጥቶ ወሰዳት። የላብራቶሪ ተመራማሪዋ እፀገነት ግን በሟቹ ደም ውስጥ ያገኘችው መርዝ ሳይሆን ሪፍት ቫሊ የሚባለውን፣ ቢምቢ ከከብት ከብት የምታዛምተውን ቫይረስ ነው። ይህም ዘሊካን አላዳናትም። ፍየሎቿ ታመው ስለነበር በሽታ ደብቃ ሰው ገደለች ተባለ፤ ከአገር ልትባረር ነው።

እፀገነት ከላብራቶሪዋ ከሶባ በሚኒባስ ተጨናንቃ መጥታ ደክሟታል። ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ዘሊካ የሰጠችው ሾርባ ሥጋ ነበረበት?»

«የእስላም ሥጋ መቼ በልተን እናውቃለን? የምስር ሾርባ ነው» አለች ወይንሸት። የመስቀል ማኅበራቸውን በግ የማኅበሩ አባል ሀይሉ ይገዛል፣ በለጠ ያርዳል፤ ልማዳቸው ይኸው ነው።

«ሲያርድ ማን ያዘለት?»

«ሁልጊዜ እግሩን የሚይዘው ሀይሉ ነው። ዘንድሮ እጄ ቆስሏል ብሎ ርቆ ቆመ። ድርሻውንም አልወሰደም። እኛ ግን ቀቅለን በላን።»

ጥግ የተቀመጠው ሀይሉ ሰምቷል። በጉን ከሶባ ገበያ እንደገዛው ማለ። «ዶክቶራ፣ ቢምቢ ፓስፖርት አትጠየቅም፤ ከየት እንደመጣች በምን ታውቂያለሽ?» ብሎ ቀለደባት።

እፀገነት ላብራቶሪዋ ተመልሳ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑን እንደ አዲስ እያስነሳች፣ የቫይረሱን ዘረመል አንብባ እስክትጨርስ ሰነበተች። ከዚያ የማኅበሩ ሰዎች፣ ሀይሉ፣ ዘሊካና አጃቢዋ የፖሊስ መኮንን በዚያው ቤት ተሰበሰቡ። እፀገነት ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ ጀመረች።

«ቫይረስ ራሱን ሲገለብጥ ፊደል ይስታል። አብረው የሰነበቱት ስሕተታቸው አንድ ነው፤ የተራራቁት ይለያያሉ። የዘሊካ ፍየሎች ቫይረስ የሶባ ከብቶችን ቫይረስ ይመስላል። በሟቹ ደም ውስጥ የተገኘው ግን ከሁለቱም የራቀ ነው። ልክ የገጠመው፣ ወደ ሰሜን፣ አትባራ በኩል ጽንስ ከሚያስወርዱት በጎች ጋር ነው። በለጠ አትባራ ሄዶ አያውቅም። ቢምቢም ያን ያህል አትበርም። በግ ግን በበሽታው ምክንያት መንገድ ቢዘጋም በጭነት መኪና ይገባል፤ በሽታውም በታመመ ከብት ደም ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በለጠም እጁን በደሙ ታጥቧል።»

ወደ ጥጉ ዞራ፣ «ጋሼ ሀይሉ፣ የቆሰለውን እጅዎን ያሳዩን» አለች።

ሀይሉ እጁን ከኪሱ አላወጣም። «ሻጩ ያስወርዳሉ ብሎኝ ነበር፤ ለዚህ ነው የረከሰልኝ» አለ በመጨረሻ። «ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።»

«ለራስህ አስበሃል» አለችው ወይንሸት።

መኮንኑ ሀይሉን ይዞ ወጣ። ዘሊካ መጥታ ከወይንሸት ጎን ተቀመጠች።