ግራ ጆሮ

«ሁልጊዜ የምትቆጣ ልጅ ተመልካች አይወዳትም» አሉ ገንዘብ አቅራቢዎቹ። «ፈገግ ትበል። ዳይሬክተሯም ብትቀየር ይሻላል።»

የሚያወሩት ቤቷ ስለሚፈርስባት የአኒሜሽን ፊልም ልጅ ነው። ዳይሬክተሯ እዚያው ተቀምጣለች። ደሟ ፈላ። ዓይኗን የስቱዲዮው ሥራ አስኪያጅ ላይ ተከለች፤ ሊያገባት ቃል የገባ ሰው ነው። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ይበቃት ነበር። እሱ አቀርቅሮ ብዕሩን ያገላብጣል።

ቀኝ ጆሮዋን ጨምድዳ ይዛ ተነሳች። ስትናደድ እንዲህ ናት፤ ጆሮዋን ካልያዘች የሰው ኮሌታ ትይዛለች።

ቢሮው ድረስ ተከትላው ገባች።

«ምላስህን ምን በላው?»

«ተረጂኝ እንጂ! እምቢ ብል ስቱዲዮው ይዘጋል።»

«ስቱዲዮው ነው ወይስ ወንበርህ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ቤቷ እላይዋ ላይ ሲፈርስ ምን አግኝታ ፈገግ ትበል? ነገ ስንጋባ እኔንም ፈገግ በይ ልትለኝ ነው?»

እንደገና አቀረቀረ። ማቀርቀሩ ከስድብ ይልቅ አቃጠላት። ስቱዲዮውንም እሱንም በአንድ ቀን ጥላ ወጣች።

ድሮ ሁለቱም አኒሜተሮች ነበሩ። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ እሱ ከፊት እሷ ከኋላው ተቀምጠው ዓመታት ሠርተዋል። ሁለቱም ኮምፒውተራቸው አጠገብ ትንሽ መስታወት ነበራቸው፤ የዚያ ሙያ ሰው በመስታወት ያኮርፋል፣ ያለቅሳል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ከዚያ ያንን ፊት ለገጸ ባሕሪው ይሰጠዋል። የእሱ መስታወት ሁልጊዜ ዘመም ያለ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም።

ፊልሙ ሲወጣ ልትሳለቅበት ሲኒማ ቤት ገባች። ልጅቷ እንደ ሙሽራ ጥርሷን ገልጣ ትዞራለች። ዶዘሩ ደጃፏ ሲደርስ ግን ልጅቷ ፈገግታዋን አጠፋችና ጆሮዋን ጨምድዳ ያዘች።

ያንን አያያዝ ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። ማን እንደሠራውም አልጠፋትም።

ግን የያዘችው ግራ ጆሮዋን ነው።

«ይኼ ደነዝ! ይህን ሁሉ ዘመን በቅጡ አላየኝም?» ብላ ጨሰች። ከዚያ ያ ዘመም ያለ መስታወት ትዝ አላት። ቀኝን ግራ የሚያደርግ መስታወት ነው። ጀርባውን ሰጥቷት ዓመታት ሙሉ ሲያይ የኖረው የራሱን ፊት ሳይሆን እሷን ነበር።

በማግስቱ ስቱዲዮው ሄደች። የሥራ አስኪያጁ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

«ራሱ የሠራትን ያቺን የጆሮ ትዕይንት አትነኳትም ብሎ ከገንዘብ አቅራቢዎቹ ጋር ተጣላና ወንበሩን ለቀቀ» አለቻት ጸሐፊዋ። «ወደ ድሮ ክፍላችሁ ተመልሷል።»

ክፍሉ ስትደርስ ጀርባውን ሰጥቶ ይሠራል። በመስታወቱ አያትና ደርቆ ቀረ።

«ቀኙ ነው» አለችው።

«ምኑ?»

«ጆሮዬ! እየሰረቅህ ስታየኝ ኖረህ ቀኝና ግራዬን እንኳ አታውቅም!»

«ያን ቀን ወንበሩን እንዳላጣ ፈራሁ» አለ ለመስታወቱ። «አንቺን የማጣ አልመሰለኝም። አሁንም ተናደሻል?»

«ገና መች ጀመርኩና!»

መስታወቱን አንስታ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

«ዞረህ እየኝ።»

ከነወንበሩ ዞረ። ቀኝ ጆሮዋን ይዛ ቆማለች። ይህን ጊዜ አላቀረቀረም።