ከባሕር የመጡ ጣሳዎች

ከቦሌ ዋና መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በሁለት ረጃጅም ፎቆች መካከል ተሸጉጦ የቀረ አንድ አሮጌ ቪላ አለ። ታፔላ የለውም። ዘበኛው እንኳ ምን ቤት ነው ሲባል ትከሻውን ነቅነቅ ያደርጋል። የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ተደብቋል የተባለ ነገር ነፍሱ ነውና፣ አንዱ ለአንዱ በጆሮው እየነገረው ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር ያጡት ግቢ ውስጥ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። የሚቀርበው በጣሳ የታሸገ የባሕር ምግብ ብቻ ነው፤ ሰርዲን፣ ኦክቶፐስ፣ ስማቸውን አስተናጋጇ ትርሲት እስካሁን በቅጡ የማትጠራቸው ሌሎች ነገሮች። የሰፈራቸውን ሱቅ ሰርዲን በነፃ ቢሰጧቸው የማይነኩ ሰዎች እዚህ ሲመጡ ጣሳውን እያገላበጡ ያደንቃሉ፣ ፎቶ ያነሱታል፣ የተረፈውን ዘይት በዳቦ እየጠረጉ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ትርሲት መጀመሪያ ሰሞን ሳቋን ለመዋጥ ወደ ጓዳ ትሮጥ ነበር።

ሥራው አይከብድም። ጠዋት ጣሳዎቹን ከጓዳ አውጥታ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፣ ዳቦ ትቆርጣለች፣ ሎሚና ቃሪያ ትሰነጥቃለች። የቤቱ ባለቤት ማዳም ሊያ የማትደራደርበት አንድ ነገር አላት፤ ጣሳ የሚከፈተው ጠረጴዛ ላይ፣ በሚበላው ሰው እጅ ነው። ጣሳዎቹ ላይ ጽሑፍም ሥዕልም የለም። ከባሕር ጠረፍ በጭነት መኪና ይመጣሉ፤ የት እንደሚታሸጉ ማዳም ሊያ ተናግራ አታውቅም፣ ትርሲትም አልጠየቀችም።

የትርሲት ሐሳብ ሌላ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ምንተስኖት ወደ የመን እሻገራለሁ ብሎ ቀጨኔ ካለው ቤታቸው ወጥቶ፣ ከባሕሩ ዳር ደውሎ ነገ ጀልባ እንሳፈራለን ካለ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ሁለት ክረምት አለፈ። እናታቸው ወይዘሮ አሰገደች አላለቀሱም፣ ተስፋም አልቆረጡም። የእድሩ ሽማግሌ ጋሽ ዘውገ አንድ ጊዜ ስለ መርዶ ፈራ ተባ እያሉ ቢያነሱ፣ አሰገደች ሬሳውን ያየ ሰው አምጡልኝ ብለው ከደጅ መለሷቸው። በየማታው ትርሲት ጫማዋን ሳታወልቅ «ደወለ?» ይሏታል። ያቺ አንዲት ቃል ትርሲትን ከሥራው ሁሉ በላይ አድክማታለች። ከእግዚአብሔር የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ሆኗል፤ ሞቶም ከሆነ ይለይልንና እናቴ እንደ ሰው አልቅሳ ትረፍ።

ነገሩ የጀመረው በድምፅ ነው። ክረምቱ ገብቶ፣ ሰማዩ ከቀትር ጀምሮ እየጨለመ፣ መብራትም በየመሃሉ እየጠፋ ሻማ ያበሩ ጀመር፤ በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ ሙዚቃው ሲቋረጥ የጣሳዎቹ መከፈት ጎልቶ ይሰማል። የዘይት ጣሳ ሲከፈት እንደሚሰማው ያለ አልነበረም። ትንፋሹን ለረጅም ጊዜ አምቆ የቆየ ሰው በመጨረሻ ሲለቀው የሚሰማውን ይመስል ነበር፣ ረጅምና ደካማ፣ ከዚህ ጠረጴዛ አንድ ከዚያኛው አንድ። ከዘይቱና ከበርበሬው ሽታ ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ አለ፤ ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ ታስሮ የከረመ ልብስ ሽታ። ትርሲት መስኮት ትከፍታለች፣ ሽታው አይወጣም።

ከዚያ ሰዎቹ ይናገሩ ጀመር። አንድ ከረባቱን ያሰረ፣ በየሳምንቱ የሚመጣ የባንክ ሰው ሁለተኛውን ጉርሻ ዋጥ እንዳደረገ ሹካውን አስቀመጠና፣ የወሎ ገጠር ሰው በሚያወራበት ዜማ፣ ዝግ ብሎ፣ እጄን አትልቀቁኝ አለ። ማንም አጠገቡ አልነበረም። ትርሲት ምን ልታዘዝ ብላ ስትጠጋ ሰውዬው ቀና ብሎ አያት፤ ምንም እንዳልተናገረ ሰው፣ እንደ ሰላሙ ቀን ሎሚ እንድትጨምርለት ጠየቃት። በሌላ ቀን ፀጉሯን ቀይ የተቀባች ልጅ፣ ሦስት ቃል ያለ እንግሊዝኛ የማትናገር፣ የጅማ እናት ልጇን እንደምትጠራው ባለ ኦሮምኛ የአንድ ሕፃን ስም ደጋግማ ጠራች። ጓደኞቿ ሳቁ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ብዙ ውሃ ጠጣች።

ትርሲት ማዳም ሊያን ጠየቀቻት። ማዳም ሊያ ጥፍሯን እያየች «ሰው ሲጥመው ይቀባዥራል» አለች። «ሙዚቃውን ከፍ አድርጊው።»

በማግስቱ ጠዋት ትርሲት ጓዳ ገብታ ጣሳዎቹን ልታወጣ እጇን ስትዘረጋ፣ ከመደርደሪያው ውስጠኛ ጨለማ፣ ከግድግዳ ማዶ ብዙ ሰው ተጨናንቆ ዝግ ባለ ድምፅ ሲያወራ የሚሰማ የሚመስል ጉምጉምታ ሰማች። እጇ ሲነካቸው ዝም አሉ። በአንዴ፣ ሁሉም። ሽርጧን አውልቃ ልትሄድ ነበር፤ እግሯ እስከ በሩ ወስዷትም ነበር። እዚያ ቆማ ግን አንድ ሐሳብ መጣባት፣ ከመጣባትም በኋላ አልለቀቃት አለ። ባሕር የበላቸው ሰዎች እዚህ ቤት የሚናገሩ ከሆነ፣ አንድ ቀን እሱም ይናገራል። ተመልሳ ሽርጧን ታጠቀች።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አጣች። ጣሳ በተከፈተ ቁጥር ጨርቅ ይዛ ጠረጴዛ የምትጠርግ መስላ ትጠጋለች፤ ሰው ጉርሻውን ሲያላምጥ አፉን ታያለች፣ ስታየው ያፍራል፣ እሷም ታፍራለች፣ ግን አትሄድም። የማታውቃቸውን ሰዎች ሰማች። ውሃ ውሃ የሚል ነበር፣ ጨለመብኝ የሚል ነበር፣ የእናቱን ቤት በር ቀለም የሚናገር ነበር። አንዱም ምንተስኖት አይደለም። ማታ ቤቷ ገብታ እናቷ ደወለ ሲሏት፣ ዛሬም አልደወለም ስትል ዓይናቸውን ትሸሽ ጀመር።

ዝናቡ ጣራውን በሚደበድብበት አንድ ቀትር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ወጣት አርክቴክት ብቻውን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጣሳውን ከፈተ። የጣሳው ትንፋሽ ከወትሮው ረዘመ። ወጣቱ አንድ ጎረሰ፣ ሁለተኛውን ጎረሰ፣ መንጋጋው ቀስ እያለ ሄዶ ቆመ፣ ዓይኖቹ ሳህኑ ላይ እንደቀሩም ተናገረ።

«ቲሲ» አለ።

የትርሲት እጅ ላይ የነበረው ብርጭቆ ወደቀ። በልጅነቱ ስሟን መጥራት አቅቶት ቲሲ ያላት ምንተስኖት ነው፤ ከእሱ በቀር በዚህ ስም የሚጠራት ሰው በዓለም ላይ የለም። ተንበረከከች። ወጣቱ የሚያወራው በራሱ ድምፅ ነበር፣ አነጋገሩ ግን የቀጨኔ ልጅ አነጋገር አልነበረም፤ ይህን ልብ ያለችው በኋላ ነው። እማዬ ወገቧን አሁንም ያማታል ወይ አላት። አጥሩ ሥር የተቀበረችው ድመታቸው ስሟ ቡሌ እንደነበር ነገራት። ትርሲት ምንተስኖት አንተ ነህ ብላ ብትጠይቅ፣ ወጣቱ «ወደ እማዬ ውሰጂን» አለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ፣ መሬት ላይ የተንበረከከችውን አስተናጋጅ በግርምት አይቶ ተጨማሪ ዳቦ እንዳለ ጠየቃት።

ግማሽ የቀረውን ጣሳ ከፊቱ አንስታ፣ በሽርጧ ጠቅልላ፣ ለማዳም ሊያ ሳትናገር በዝናቡ ወጣች። እያለቀሰች ነበር፣ ግን ደረቷ ቀልሏት ነበር። ተለይቷል። በቀጥታ ጋሽ ዘውገ ዘንድ ሄዳ ወንድሟ መሞቱን ከሚታመን ሰው እንደሰማች ነገረቻቸው፤ ከየት ብለው አልጠየቋትም፣ ጭንቅላቷን ዳብሰው፣ እንደ ወጉ በነጋታው ጎህ ሲቀድ ሰው አሰባስበው እንደሚመጡ ቃል ገቡላት።

ሲነጋጋ ጎረቤቱ አጥሩ ሥር ተሰብስቦ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ የሚሰማው ከጣራው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነው። ትርሲት እናቷን እንዲያ በድንገት በሰው ጩኸት ልታስደነግጣቸው አልፈለገችም። ከልጃቸው ከራሱ ይስሙት ብላ፣ ጋሽ ዘውገ ትንሽ እንዲታገሷት ለምና፣ ጣሳውን ይዛ ብቻዋን ገባች።

አሰገደች አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሽታው አፍንጫቸውን ሲመታው ፊታቸውን አዞሩ፤ በማለዳ ዓሣ ማን ይበላል አሉ። እንዲበሉ የሚያደርጋቸው ሌላ ነገር ቢጠፋት፣ ትርሲት ዋሸቻቸው።

«ምንተስኖት የላከው ነው፣ እማዬ።»

የአሮጊቷ ፊት በራ። ልጄ፣ ልጄ እያሉ አፋቸውን ከፈቱ። ትርሲት ልቧ እየተሰነጠቀ ከጣሳው ቆንጥራ በዳቦ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። አላመጡ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ድንግዝግዝ ይበልጥ የከበደ መሰላት፣ ያ የረጠበ ልብስ ሽታ ከአልጋው ሥር፣ ከጥጉ፣ ከእናቷ ነጠላ ሳይቀር ወጣ። የአሰገደች መንጋጋ ቀስ እያለ ሄዶ ቆመ።

«ቲሲ» አሉ።

ትርሲት ጉልበታቸውን አቅፋ ተንሰቀሰቀች። ሞቻለሁ በላትና ታልቅስልህ፣ ራስህ ንገራት፣ ትረፍ ብላ ለመነችው። የእናቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ የመጣው ቃል የወሎ ዜማ ነበረው፣ መሃሉ ላይ የሌላ አገር ሰው ሆነ፣ መጨረሻው የሕፃን፤ ሁሉም በእናቷ ድምፅ፣ ቀስ ብለው፣ እየተቀባበሉ።

«እሱ እኛ ጋ የለም። እሱ አልተሳፈረም። እዚያው ባሕሩ ዳር ሥራ ሰጥተውት ቀረ፣ ደህና ነው፣ ይበላል። ስምሽን ከክዳኑ በላይ ነው የሰማነው፣ ሲያሽገን ስላንቺና ስለ እማዬ ያወራል። ስንጮህ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።»

ከደጅ ጋሽ ዘውገ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሰዓቱ ደርሷል ለማለት። በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። አሰገደች ዋጥ አደረጉ፣ ዓይናቸው ጠራ፣ አገጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ትርሲት ልትናገር፣ እጃቸውንም ልትይዝ ብትሞክር አፏ አልታዘዝ እጇ አልታዘዝ አላት። እናቷ ሁለት ክረምት ያልታየ ሳቅ ፊታቸው ላይ እየተዘረጋ ተነሡ፣ ጣሳውን ከእጇ ወሰዱ፣ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቆሙት ጎረቤቶች «ግቡ፣ ልጄ የላከውን ቅመሱልኝ» አሏቸው።